ጀበናውን ማን ሠራው?

በዚህ አምድ ዘወትር ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ አያያዝና ስለ ትዳር ስንወያይ መቆየታችን ይታወቃል። ዛሬ ግን ውድ አንባብያን፣ ወደ ደቡብ ወጣ ብለን የተመለከትነውን አንድ የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ልናካፍላችሁ ወደድን። ኤግዚቢሽኑ የቀረበው በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው፤ ዕቃዎቹም ቢቆጠሩ ከስድሳ አይበልጡም። ያነሣው ጥያቄ ግን ትልቅ ሆኖ ስላገኘነው፣ በየቤታችሁ እንድትወያዩበት እነሆ ብለናል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ የተጓዘ ሰው ዲላን ያገኛል። ከዲላ ወናጎን፣ ከወናጎም ይርጋ ጨፌን አልፎ ሲዘልቅ ገደብ ይደርሳል። ገደብ ቀድሞ በኮቸሬ ወረዳ ሥር የነበረ፣ ኋላ ራሱን የቻለ የጌዴኦ ዞን ወረዳ ሲሆን፣ ከጉጂ ኦሮሞ ጋር ይዋሰናል። ዳገቱም ቁልቁለቱም አረንጓዴ ነው። ከላይ ትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው እንሰቱ ቅጠሉን ዘርግቶ ይቆማል፤ ከእንሰቱ ጋር ደግሞ ቡናው ተጠግቶ ይበቅላል። አንዱ ሌላውን ሳይጫን አብሮ የሚኖርበት ይህ የእርሻ ዘዴና በውስጡ ያሉት ጥንታውያን የድንጋይ ሐውልቶች፣ «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» በሚል ስም በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

የገደብ ቡናም ስሙ ሩቅ ተሰምቷል። ወርቃ፣ ባንኮ ጎቲቲ የሚባሉት የቀበሌ ስሞች በቶኪዮ ከተማ የቡና መሸጫ ሱቆች ውስጥ በከረጢት ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ጃፓናዊው ቡና ጠጪ የሚጠጣው ቡና ከየትኛው አገር ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ለማወቅ ይፈልጋል። ይህን ነገር አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ወደ ገደብ የሄድነው በጥር ወር፣ በደራሮ ሰሞን ነበር። ደራሮ የጌዴኦ ሕዝብ የዘመን መለወጫና የምስጋና በዓል ነው። ቡናው ተለቅሞ ሲያበቃ ሕዝቡ ዓመቱን በሰላም ላስፈጸመው ፈጣሪ ምስጋና ያቀርባል፤ ለአባ ገዳው ስጦታ ይወስዳል፤ ሽማግሌዎችም ይመርቃሉ። በዚህ ሰሞን በቤት ውስጥ ጢስ ሲጠጣ የከረመው ዕቃ ሁሉ ታጥቦና ተወልውሎ ይወጣል። ይህንኑ የተመለከተች አንዲት መምህርት ተማሪዎቿን፣ «እያንዳንዳችሁ በቤታችሁ ካለው ባህላዊ ዕቃ አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ። ስሙን፣ ከምን እንደተሠራና ማን እንደሠራው ጠይቃችሁ በወረቀት ላይ ጻፉ» ብላ አዘዘቻቸው። ኤግዚቢሽኑም በዚህ ዓይነት ተሰናዳ።

እንሰትና የእናቶች ጉልበት

በክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳው ተጠግተው፣ በላያቸው የእንሰት ቅጠል ተነጥፎ፣ ዕቃዎቹ በተርታ ተደርድረዋል። በመጀመሪያው ረድፍ የነበሩት የእንሰት መፋቂያ መሣሪያዎች ናቸው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አጠገባቸው ቆማ ለጎብኚዎች ታስረዳለች። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ቢሆን ነው፤ ድምፅዋ የረጋ፣ አነጋገሯም የተጣራ ነው።

«እንሰቱ ለመቆረጥ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት መቆየት አለበት» ስትል ገለጸችልን። «ከተቆረጠ በኋላ ግንዱ ተሸንሽኖ እዚህ ጣውላ ላይ ይጋደማል። እናቶች መሬት ላይ ተቀምጠው በአንድ እግራቸው ግንዱን ይዘው፣ በዚህ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ይፍቁታል። ሥሩ ደግሞ ጥርስ ባለው እንጨት ይወቀጣል። ከተጨመቀው ውኃ የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ቡላ ነው። የቀረው በጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይብላላል፤ ቆጮ የሚሆነው ያ ነው። ተፍቆ የሚቀረው ጭረት ቃጫ ነው፤ ገመድ ይሠራበታል። የሚጣል ነገር የለውም።»

በእርግጥም ከጎኑ የቃጫ ገመድ፣ ከቃጫ የተሠራ ወንፊትና መሸከሚያ ተቀምጠዋል። ከዚያ ቀጥሎ የቀርከሃ ቅርጫቶች፣ የእንጨት ገበታዎች፣ ቅሎች፣ ዱካዎች፣ ስፌቶችና ሸክላዎች ይከተላሉ። ከሁሉም ዓይናችንን የያዘው አንድ አሮጌ መፋቂያ ነበር። እጀታው በእጅ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ከሥሩ በተቀመጠው ወረቀት ላይ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ «አያቴ በ2010 ዓ.ም. ስንፈናቀል ከቤት ይዛው የወጣችው ይህን ብቻ ነው» ብሎ ጽፏል። በዚያ ዓመት በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኞች በተፈጠረው ግጭት ከሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ቤተሰብ ከቀየው ተፈናቅሎ እንደነበር ይታወሳል። ልጁን ጠጋ ብለን «አያትህ ለምን መፋቂያውን መረጡ?» ብንለው፣ «እንሰት የትም አገር አለ፤ እጄ የለመደው መፋቂያ ግን የለም ብላ ነው» አለን። የቤት ዕቃ ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ንግግር ከሊቃውንት አፍ እንኳ መስማታችንን እንጃ!

ባዶ የቀረው መስመር

በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ባለችው ወረቀት ላይ ሦስት መስመር አለ፤ የዕቃው ስም፣ የተሠራበት ነገር፣ የሠራው ሰው። በእንጨት ዕቃዎቹ ሥር የአባቶችና የአጎቶች ስም ተጽፏል። በስፌቶቹ ሥር የእናቶችና የአያቶች ስም አለ። ልጆቹ ስሞቹን የጻፉት በደማቅ ቀለም ነው፤ አንዳንዶቹም ከሥሩ አስምረውበታል።

በክፍሉ ጥግ ግን አንድ ጀበና ብቻውን ተቀምጧል። ቅርጹ እጅግ ያማረ ነው። ሆዱ የሞላ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ጡቱ ደግሞ ሲቀዳ እንዳያንጠባጥብ በትንሹ ወደ ላይ ቀና ያለ። ጥቁረቱ የከሰል ሳይሆን የበሰለ እንጆሪ ጥቁረት ነው። ከአንገቱ ሥር በጥፍር የተጫኑ ሦስት ትናንሽ ጭረቶች ይታያሉ። ወረቀቱ ላይ «ጀበና» የሚል አለ፤ «ከአፈር» የሚል አለ፤ ሦስተኛው መስመር ግን ባዶ ነው።

«ይህን ያመጣው ማነው?» ብለን ጠየቅን።

«እኔ ነኝ» አለች፤ ስለ እንሰት ያስረዳችን ያችው ልጅ።

«ማን ሠራው?»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች። «ከገበያ የተገዛ ነው» አለችና ወደ እንሰቱ ረድፍ ተመለሰች።

መምህርቷ ምንም አልተናገረችም። ወደ ውጭ ስንወጣ ግን በቀስታ፣ «ነገ የገበያ ቀን ነው፤ ሸክላ ተራን ሳያዩ እንዳይሄዱ» አለችን።

ከጃፓን የሰማነው

በዚያን ቀን ማታ ማረፊያችን ውስጥ ሆነን ያንን ባዶ መስመር ስናሰላስል፣ ስለ ጃፓን የሕዝብ እጅ ጥበብ ያነበብነው ትዝ አለን። ጃፓን ሲባል ከእኛ ብዙዎቹ የሚያስታውሱት ጀግናው አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ያሸነፈውን ማራቶን፣ አለዚያም መኪናና ራዲዮን ነው። ነገር ግን ጃፓኖች ለተራው የቤት ዕቃ የሚሰጡት ክብር ከፋብሪካቸው ያነሰ ዝና የሚገባው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1925 ያናጊ ሶኤትሱ የሚባል የጃፓን ምሁር ከሁለት ሸክላ ሠሪ ወዳጆቹ፣ ከሃማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር ሆኖ «ሚንጌይ» የሚል ቃል አወጣ። ትርጓሜው «የሕዝብ ጥበብ» እንደማለት ነው። ያናጊ ይል የነበረው፣ እውነተኛው ውበት ያለው በቤተ መንግሥት ዕቃ ሳይሆን ገበሬው በሚበላበት ሳህን፣ እናት ውኃ በምትቀዳበት ማሰሮ ላይ ነው የሚል ነው። ይህንኑ ሐሳብ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1936 በቶኪዮ ከተማ የጃፓንን የሕዝብ እጅ ጥበብ ቤተ መዘክር ከፈተ። ቤተ መዘክሩ እስከ ዛሬ አለ፤ የሚያሳያቸውንም ዕቃዎች በዓመት ውስጥ እየለዋወጠ ያቀርባል።

የጃፓን ትርኢት ከወቅትና ከቤተሰብ ጋር የተያያዘ ነው። ለምሳሌ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን የሴቶች ልጆች በዓል ይከበራል። ሴት ልጅ ያለው ቤተሰብ በባህል ልብስ ያጌጡ አሻንጉሊቶችን በደረጃ በተሠራ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ ለልጁ ጤናና ዕድል ይመኛል። አሻንጉሊቶቹ በብዙ ቤት ከእናት ለልጅ የሚተላለፉ ናቸው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ቶሎ ተነሥተው ካልተቀመጡ ልጅቷ ባል ሳታገኝ ትዘገያለች የሚል አባባልም አለ። በዚያው ሰሞን ቤተ መዘክሮች ጥንታውያን አሻንጉሊቶችን አውጥተው ለሕዝብ ያሳያሉ፤ እናቶችም ልጆቻቸውን እየያዙ ይጎበኛሉ። ደራሮ ሲመጣ የገደብ እናቶች ዕቃቸውን አጥበው እንደሚያወጡት ማለት ነው።

ታዲያ ያናጊ አንድ የሚያስገርም ሐሳብ ነበረው። ከሁሉ የሚበልጠው ባለ እጅ ስሙ ያልታወቀው ነው ይላል። ስሙን ለማስጠራት ሳይሆን ለሰው አገልግሎት ብሎ የሠራው ዕቃ ትዕቢት ስለሌለበት ያምራል ማለቱ ነው። ጓደኛው ሃማዳም በሸክላዎቹ ላይ ስሙን አይጽፍም ነበር።

ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ያንን ባዶ መስመር ካየን በኋላ አንድ ጥያቄ አደረብን። ሃማዳ ስሙን ያልጻፈው መጻፍ እየቻለ ትቶት ነው። እንዲያውም የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1955 «ሕያው የአገር ሀብት» ተብለው እንዲከበሩ ከመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሸክላ ሠሪዎች አንዱ አድርጎታል፤ ስሙን ባይጽፈውም አገር ጽፎለታል። የእኛይቱ ሸክላ ሠሪ ስም የጠፋው ግን እንዲህ ባለ ትሕትና ነውን?

ሸክላ ተራ

በማግሥቱ ከመምህርቷ ጋር ወደ ገበያ ወረድን። ሸክላ ተራው ከገበያው ዳር፣ ከቃጫና ከቅርጫት ሻጮቹ አልፎ ይገኛል። ድስቱ፣ ምጣዱ፣ ገንቦው በጭድ ላይ ተቀምጧል። እንስራ ግን እምብዛም አላየንም፤ ውኃ መቅጃውን ጀሪካን ወስዶታል። በአንዲት እናት ፊት የተደረደሩትን ጀበናዎች ስናይ እግራችን ቆመ። በእያንዳንዱ ጀበና አንገት ሥር በጥፍር የተጫኑ ሦስት ጭረቶች ነበሩበት።

እኚህ እናት የሚናገሩት ጌዴኡፋ ስለሆነ መምህርቷ ታስተረጉምልን ነበር። መጀመሪያ ስለ ሥራቸው ጠየቅናቸው። አፈሩን ከወንዝ ዳር ቆፍረው በጀርባቸው ተሸክመው እንደሚያመጡ፣ አድርቀው እንደሚወቅጡና እንደሚነፉ፣ ከተወቀጠ ገል ጋር ቀላቅለው ሲያቦኩት እንደሚውሉ ነገሩን። እንደ ሌሎቹ የአገራችን ሸክላ ሠሪ እናቶች ሁሉ እርሳቸውም የሚሽከረከር መሣሪያ የላቸውም። ጭቃውን በመዳፋቸው እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ፣ ራሳቸው ዙሪያውን እየዞሩ ያቆሙታል። ቅርጹ ሲይዝ በጥላ ያደርቁታል፤ በለስላሳ ጠጠር ያሹታል፤ በመጨረሻም ሜዳ ላይ በእንጨትና በጭድ ያቃጥሉታል።

«ከሁሉ የሚያስፈራው ያ ነው» አሉን። «ከአሥሩ ሁለቱ ሦስቱ ይፈነዳሉ። ነፋስ ከመጣ ደግሞ ሁሉም ይሄዳል። የሁለት ሳምንት ድካም በአንድ ሌሊት ገል ይሆናል።»

«ለራስዎ ቤት የሚያስቀሩት የትኛውን ነው?»

ሳቁ። «ጠማማውን! ደህናውን ሰው ይገዛዋል።»

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለውን የአማርኛ ምሳሌ ነገርናቸው፤ መምህርቷ ስታስተረጉምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚህም እንዲሁ ነው» አሉ።

ሦስቱ ጭረቶች ምን እንደሆኑም ጠየቅናቸው። «ፊደል አላውቅም። ይህ ጥፍሬ ነው» ሲሉ መለሱ። «ገዝቶ የሄደ ሰው ጀበናው አፈሰሰ ብሎ ቢመልስልኝ የእኔ መሆን አለመሆኑን የማውቀው በዚህ ነው። የእኔ ከሆነ ሌላ እሰጠዋለሁ።»

ከዚህ በኋላ በትምህርት ቤቱ ያየነውን ጀበና ነገርናቸው። እውነቱን ለመናገር ልጅቷ በእናቷ ሥራ ያፈረች መስሎን፣ ምክርም ወቀሳም አዘጋጅተን ነበር። ልጃቸው የተናገረችውን ቃል በምን መንገድ ሳያሳዝናቸው እንደምንነግራቸው ስናመነታ እርሳቸው ቀደሙን።

«ከገበያ የተገዛ ነው አለቻችሁ?» አሉ። «እንዲህ በይ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ዝም አልን። እርሳቸው ቀጠሉ።

«ትልቋ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ነበር። አንድ ቀን ከሸክላ ሠሪ ልጅ አጠገብ አንቀመጥም አሏት። ቤት መጥታ ደብተሯን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። እኔ ጀበና እየሠራሁ ነበርኩ፤ እጄ ጭቃ ነበር። ሮጬ ሳወጣው ግማሹ ነዷል፤ የቀረውን ጭቃዬ አበላሸው። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ቤት አልሄደችም። ስለዚህ ታናሿ አንደኛ ክፍል ስትገባ ‹እናትሽ ምን ትሠራለች ቢሉሽ ነጋዴ ናት በይ› አልኳት። አሥር ዓመት ይህንኑ ትላለች። ልጄ አልዋሸችም፤ የእኔን ቃል ነው የጠበቀችው።»

ያዘጋጀነውን ምክር ዋጥነው።

ነውሩ ከየት መጣ?

ይህ በገደብ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውንና ሸማኔውን በክፉ ስም መጥራት በሰሜኑም በደቡቡም የኖረ በሽታ ነው። በጎረቤት በሲዳማ ሸክላ የሚሠሩት ወገኖች ሃዲቾ ተብለው ተለይተው መኖራቸውና ከሌላው ጋር መጋባት ተከልክሎባቸው መቆየቱ ይታወቃል። በአማራውም አገር «ቡዳ» የሚለው ስድብ ያረፈው በእነዚሁ ባለ እጆች ላይ ነው። የሚያስቀው ነገር ደግሞ ሰዳቢው ሁሉ ስድቡን ሲናገር ቡናውን ይዞ መቀመጡ ነው፤ ቡናው የፈላው እኮ እርሷ በሠራችው ጀበና ነው! እንጀራው የተጋገረው በእርሷ ምጣድ፣ ወጡ የተሠራው በእርሷ ድስት ነው። እጇ የነካውን እየበላን እጇን እንጸየፋለን።

ችግሩ ሕግ ያልወጣበት ሆኖም አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የተከለከለ መሆኑን በዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያም በ1969 ዓ.ም. ስለ እጅ ጥበብና ስለ አነስተኛ ኢንዱስትሪ ልማት የሚሠራ መንግሥታዊ ድርጅት ተቋቁሞ ባለ እጆች በማኅበር እንዲደራጁ ሲያግዝ ቆይቷል። ዐዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ሆኖም ዐዋጅ የሚነበበው በአደባባይ ነው፤ ስድቡ ግን የሚነገረው በቤት ውስጥ፣ በምድጃ ዙሪያ፣ ልጅ እየሰማ ነው። ልጁም ይዞት ተማሪ ቤት ይሄዳል። እንግዲህ መድኃኒቱም መገኘት ያለበት በሽታው በተወለደበት በዚያው ምድጃ ዙሪያ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ተቋሙ የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ነው። በሙዚየሙ ውስጥ የልዩ ልዩ ሕዝቦቻችን የቤት ዕቃዎች ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ተሰናድተው ይታያሉ። ይህን የመሰለ ቤት በመኖሩ ልንኮራ ይገባናል። ነገር ግን በብዙ የዓለም ሙዚየሞች እንደሚታየው፣ በእጅ ሥራ ዕቃ ሥር የሚጻፈው የሕዝቡ ስም እንጂ የሠሪዋ ስም አይደለም። ሥዕል ሲሆን የሠዓሊውን ስም እንጠይቃለን፤ ጀበና ሲሆን ግን የብሔረሰቡ ስም ይበቃናል።

የሌላ ዓይነት ምሳሌም አለ። ከላይ የጠቀስነው ሃማዳ ሾጂ እ.ኤ.አ. በ1920 ከእንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ከበርናርድ ሊች ጋር በእንግሊዝ አገር አንድ የሸክላ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ነበር። በዚያ ቤት ከሊች ዘንድ የተማረ ማይክል ካርዲው የሚባል ሰው ኋላ ወደ ናይጄሪያ ሄዶ የሸክላ ማሠልጠኛ ከፈተ። እዚያም ላዲ ክዋሊ የምትባል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ገደቧ እናት በእጇ ብቻ እንስራ ስትሠራ የኖረች የመንደር ሴት ገባች። ሸክላዎቿ በአውሮፓና በአሜሪካ ታዩ። ዛሬ ናይጄሪያዊው ሃያ ናይራ አውጥቶ ሲገዛ በብሩ ጀርባ ላይ ይህችን ሴት ሸክላዋን ስትሠራ ያያታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የላዲ ክዋሊ ስም በገበያተኛው ኪስ ውስጥ ነው የዋለው።

እንግዲህ አስቡት። የገደብ ቡና ቀበሌው ሳይቀር ተጽፎለት ቶኪዮ ድረስ ይሄዳል፤ እዚያው ገደብ ላይ ያው ቡና የሚፈላበትን ጀበና የሠራችው እናት ግን ልጇ በምትማርበት ክፍል ውስጥ ስሟ አይጻፍም።

ለቤተሰብና ለመምህራን

ከዚህ ጉብኝት ተነሥተን ጥቂት ነገር ብናሳስብ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ እናደርጋለን። አንደኛ፣ ልጆቻችሁ ፊት የሰውን ሥራ ስድብ አታድርጉት። ልጅ ከሰማው ቃል ይልቅ የተናገራችሁበትን ድምፅ አይረሳም። ሁለተኛ፣ ጀበናም ሆነ ምጣድ ስትገዙ የሠሪዋን ስም ጠይቁ፤ ለመጠየቅ ገንዘብ አይከፈልም። ሦስተኛ፣ ዋጋ ስትከራከሩ አፈሩ ነፃ ነው አትበሉ፤ በእሳት የፈነዱት ጀበናዎች ዋጋ የሚመለሰው በተረፉት ላይ ነውና። አራተኛ፣ በየትምህርት ቤቱና በየወረዳው እንዲህ ያለ ትርኢት የምታሰናዱ መምህራንና የባህል ሠራተኞች፣ ሦስተኛውን መስመር አታስቀሩት። ሆኖም አንዲት ልጅ መስመሩን ባዶ ብትተወው አትቆጧት፤ አስቀድማችሁ ከአጠገቧ የሚቀመጡት ልጆች ምን እንደሚሏት መርምሩ።

የመጨረሻው ቀን

ኤግዚቢሽኑ በሚዘጋበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ልንሰናበት ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለስን። ወላጆች ዕቃቸውን ሊወስዱ እየመጡ ነበር። ከእነርሱም መካከል ያቺ እናት በነጭ ነጠላ ተሸፍነው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ወደ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ያየናቸው እኛ ነን፤ ልጅቷ እንሰቱን ለመጨረሻዎቹ ጎብኚዎች ታስረዳለች።

እናትየው ወደ ጥጉ ሄዱ። በጀበናው ሥር ያለችውን ወረቀት ዝቅ ብለው ተመለከቱ። ሦስተኛው መስመር ባዶ አልነበረም። በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ «እናቴ» የሚል ቃል ተጽፎበታል። ከቃሉ ቀጥሎ ሦስት ትናንሽ ጭረቶች ተስለዋል።

«ምን ይላል?» ሲሉ መምህርቷን ጠየቁ። ከመጠየቃቸው በፊት ግን ጣታቸው ጭረቶቹ ላይ አርፎ ነበር። ፊደሉን ባያውቁም ያንን ለይተውታል።

መምህርቷ አነበበችላቸው። እናት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ልጃቸውን ከሩቅ ተመለከቱ። ልጅቷም አይታቸዋለች። እንሰቱን ማስረዳቷን አላቋረጠችም፤ ድምፅዋ ግን ትንሽ ከፍ ብሏል።

ወረቀቱን ማን እንደሚያነሣው ማየት አልቻልንም፤ መኪናችን ይጠብቀን ነበር። ከመሄዳችን በፊት ግን ስማቸውን በጋዜጣችን ላይ ብናወጣው ይፈቅዱልን እንደሆነ እናትየውን ጠየቅናቸው። ስም ይጻፍ እያልን የምንሰብክ እኛ፣ እንቢ ይሉናል ብለን አልጠበቅንም።

«እዚህ ክፍል ውስጥ ይበቃኛል» አሉን። «ጋዜጣው ሩቅ ይሄዳል። ልጄ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ፤ ያን ጊዜ ተመልሳችሁ ኑ፤ እርሷ ራሷ ትጽፍላችኋለች።»

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ስማቸውን ሳናትም ቀርተናል። ጀበና ልትገዙ ሸክላ ተራ የምትወርዱ ግን ከአንገቱ ሥር ተመልከቱ፤ የጥፍር ምልክት ካገኛችሁበት የማን እንደሆነ ሻጯን ጠይቁ። ስሟን ከነገረቻችሁም ጀበናውን በምትቀዱበት ጊዜ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።